የወፍጮው ስልክ አይነሣም

ሐጂ ዐብዱረሕማን በጎንደር አዲስ ዓለም ጨርቅ ሻጭ ናቸው። አባታቸውም ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፤ አያታቸውም እንደዚሁ። በዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ቆሞ መሄድ ሳይጀምር ሜትር መያዝ ይጀምራል እየተባለ ይቀለዳል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ የጨርቅ ዘር መካከል ካቻቢቴና መበየጃ ይዛ ብቅ ያለችው ዙሌይካ ናት። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ስትማር አባቷ «ይወጣላታል» ብለው ዝም አሉ። አልወጣላትም። በ2003 ዓ.ም. ከሱቁ በር ጥግ አንዲት ጠረጴዛ የምታህል ቦታ ለምና አገኘችና የተበላሸ ስልክ መጠገን ጀመረች። መጀመሪያ ላይ «ሴት ልጅ ስልክ ትፈታለች?» እያለ የሚስቅ ነበር። የሳቀው ሰው ስልክ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ይመጣል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከደምቢያ እስከ ወገራ ስልኩ የሞተበት ሰው ሁሉ «ለሐጂ ልጅ ስጣት» መባልን ለመደ።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ እትዬ ስንዱ የምትባል በወገራ የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ገበሬ ስልኳን ልታሠራ መጣች። ዙሌይካ ስልኩን እየፈታች፣ እትዬ ስንዱ ደግሞ ብሶቷን እየፈታች ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገብስ በጀርባዋ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ስትደርስ መብራት የለም ተባለች። ተመለሰች። በማግስቱም ሄደች፤ አሁንም የለም። በሦስተኛው ቀን ደርሳ ተራ ይዛ ልትገባ ሁለት ሰው ሲቀራት ጠፋ።

«ገብሱስ አልተፈጨም ልጄ» አለች እትዬ ስንዱ፣ «የተፈጨ የኔ ወገብ ነው።»

ይህ ነገር ከዙሌይካ ልብ አልወጣም። ለወልደኢየሱስ ነገረችው። ወልደኢየሱስ የቁስቋም ልጅ ነው፤ አባቱ የደብሩ መሪጌታ ሲሆኑ፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተምሮ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ስልኩን ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ የሚጥል ሰው ነው። ወዳጅነታቸውም የጀመረው በዚሁ በመጣሉ ነው። «ቀላል ነው!» አለ ገና ሰምቶ ሳይጨርስ። «የወፍጮውን ስም ጽፈው በስልክ መልእክት ይልካሉ፤ መብራት አለ ወይም የለም የሚል መልስ ይመጣላቸዋል። ወረፋውን፣ የሚፈጅባቸውን ሰዓት፣ ሁሉን እናስገባበታለን!» ለወጣቶች የሥራ ሐሳብ የሚረዳ አንድ ድርጅት ሐሳቡን ወደደውና ለጥቂት ወራት የሚያቆያቸው ገንዘብ ሰጣቸው።

ሐጂ ዐብዱረሕማን ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ጠርተው ከፊታቸው አስቀመጧት።

«ዙሌ፣ ወንድምሽ አብዱልባሲጥ ሊያገባ ነው። ሱቁን ማስፋት አለበት፤ ያንቺን ጥግ ይፈልገዋል። እስከ ረመዳን ልታገሥሽ። እስከዚያ ያ ወፍጮ የምትዪው ነገር ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ቦታው የአንቺ ነው፤ ቃሌ ነው። ካልሆነ ግን ካቻቢቴሽን ትጠቀልዪና ከወንድምሽ ጋር ሜትር ትይዣለሽ።»

ሐጂ ቃላቸውን አያጥፉም። ዙሌይካን ያስፈራትም ይኸው ነበር። ሜትር ይዛ አቡጀዲ ስትለካ ራሷን በሐሳቧ አየች።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አማካሪ የተጠቃሚውን ፍላጎት ሳያጠኑ መሥራት እንደማይቻል ነገራቸው፤ እውነቱን ነው። ለጥናቱ የጠየቀው ዋጋ ግን ድርጅቱ ከሰጣቸው ሁሉ በለጠ። «እኛው እናጠናዋለን» አለ ወልደኢየሱስ። ሠላሳ ጥያቄ ያለበት ቅጽ አዘጋጅቶ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወጣ፤ በጥቅምት ብርድ አፍንጫው ቀልቶ አርባ ሴቶችን ጠየቀ። «እንዲህ ያለ አገልግሎት ቢኖር ይጠቅማችኋል?» ሸጋ ነው። «በመልእክት መልስ ቢመጣላችሁስ?» ሸጋ ነው። «የወረፋው ቁጥር ቢታወቅ?» እሱም ሸጋ ነው። ከአርባዎቹ አርባዎቹም ሸጋ ነው አሉ። ወልደኢየሱስ ቅጾቹን እንደ ዲግሪ ታቅፎ ተመለሰ።

ምስኪን! የመሪጌታ ልጅ ሆኖ አገሩን እንዲህ መርሳቱ ይገርማል። የወገራ ሰው ከሩቅ መጥቶ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እንግዳ ፊት ቆሞ «ሥራህ አይረባም» አይልም። ለእንግዳ ውሃ መከልከል ይቀለዋል። ቅጹ ላይ የዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ መሙያ ነበረው፤ ይሉኝታን የሚሞሉበት ቦታ ግን አልነበረውም።

በታኅሣሥ አገልግሎቱ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። በአንድ ወር ውስጥ የመጣው መልእክት ሦስት ነው። ሁለቱን ራሱ ወልደኢየሱስ ለሙከራ የላካቸው ናቸው። ሦስተኛው ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ነበር፤ ስልኩ በጆንያ ተጭኖ በራሱ የላከው ይመስላል።

«ሰው ገና አልለመደውም» አለ ወልደኢየሱስ። «የገብስና የስንዴ ዋጋም እንጨምርበት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው ዙሌይካ። እንባዋ መጥቶ ነበርና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የወገራ ስልክ ተፈትቶ ተኝቷል። ሥራ ላይ ያለ እጅ ያዘነን ልብ ያሳርፋል ይባላል፤ እሷም ቁልፎቹን ማጽዳት ጀመረች። እያጸዳች ሳለ እጇ ቆመ። አረንጓዴዋና ቀይዋ ቁልፍ ከመነካት ብዛት ቀለማቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል። የመልእክት ማውጫዋ ቁልፍ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ዙሌይካ ከጠረጴዛው ሥር ለዓመታት ስትቀይር ያጠራቀመችውን አሮጌ ቀፎና ቁልፍ የያዘ ማዳበሪያ ጎትታ ወለሉ ላይ ደፋችው። የከተማውን ወደዚህ፣ የገጠሩን ወደዚያ ለየች። የተማሪዎቹ ስልክ ቁልፉ ሁሉ ተልጧል፤ የገጠሮቹ አረንጓዴና ቀይ ብቻ። ከዚያ የተኛውን ስልክ ገጥማ ከፈተችው፤ መቶ ሠላሳ መልእክት ሳይነበብ ተደርድሯል። ያልተነሡ ጥሪዎች ዝርዝር ግን እስከ ጫፉ ሞልቷል።

አብዱልባሲጥ ከጨርቁ መካከል ብቅ ብሎ «ደግሞ ምን ቆሻሻ ደፋሽ?» አላት።

«ጥናት ነው» አለችው።

በማግስቱ ከእናቷ ጓዳ አንድ ቁና ገብስ ለምና በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ወጣች። ገብሱን ያስያዘቻት ብልሃቷ ናት። ቅጽ ይዞ የሚቆም ሰው እንግዳ ነው፤ ጆንያ ይዞ የተቀመጠ ግን ባለ ተራ ነው፣ ማንም አያፍረውም። ወፍጮው የአያ ቢሻው ነው፤ አያ ቢሻው በአርባዎቹ አጋማሽ ያለ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ላየው ሁሉ እጅ የሚነሣ ሰው ነው። ዙሌይካ ከሴቶቹ መካከል ገብሷ ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ከፈተች። «ስልካችሁን አምጡ፤ አቧራውን በነጻ ላውጣላችሁ» አለች። ከመቀነት፣ ከጉያ፣ ከጆንያ አፍ ሳይቀር ስልክ ወጣ። በመርፌ የቻርጀሩን ቀዳዳ እየጠረገች ትጠይቃለች። «ቢኖር ይጠቅማል ወይ?» የሚለውን ግን እርም ብላ ተወችው። «ባለፈው ሳታስፈጪ የተመለስሽ ቀን እንዴት ነበር?» ትላለች እንጂ።

ለዚህ ጥያቄ ሸጋ ነው ብሎ መመለስ አይቻልም። አንዷ የተዝካር ብቅል ይዛ መጥታ መመለሷን ነገረች። ሌላዋ ሕፃን በፊት፣ ጆንያ በኋላ አዝላ ዝናብ እንዳገኛት። ከጎኗ ያለችው ደግሞ ስልኩ የባሏ መሆኑን፣ ባሏ ገበያ የዋለ ቀን ከጎረቤት እንደምትዋስ፣ የጎረቤት ስልክ ተውሶ ካርድ መጨረስ ደግሞ ነውር መሆኑን አጫወተቻት። ዙሌይካ ደብተር አላወጣችም። ሚኒባስ ላይ ስትመለስ ግን ጉልበቷ ላይ ሁሉን ጻፈችው። እንዲህ እያለች አራት ጊዜ ወጣች፤ ወጪዋ የመኪና መሳፈሪያና የእናቷ ገብስ ነበር። እናቷም በመጨረሻ «ቤታችን ዱቄት ብቻ ሆነ እኮ!» አለቻት።

በአምስተኛው ጉዞዋ ከሳሙና ካርቶን ቆርጣ የሠራችውን ስልክ ይዛ ሄደች። ቁልፎቹን በእስክሪብቶ ስለሳለችበት እንጂ ስልክም አይመስል። ሆን ብላ ሞኝ ነገር አደረገችው፤ ብልጥ ነገር ይዛ ብትሄድ ሸጋ ነው እንደሚሏት አውቃለች። እትዬ ስንዱ ያን ቀን ተራ ይዛ ነበር።

«እዪውማ እትዬ ስንዱ» አለቻት። «መብራት መኖሩን ለማወቅ ይህችን ትነኪያለሽ። ከዚያ ይህችን። ከዚያ የወፍጮውን ስም ትጽፊያለሽ። ከዚያ ደግሞ ይህችን ነክተሽ ትጠብቂያለሽ።»

እትዬ ስንዱ ካርቶኑን ተቀብላ አገላበጠችው። የሐጂ ልጅ፣ ያቺ ስልክ አዋቂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለች ብላ አላሰበችም። ሳቋ አመለጣት።

«ምነው ልጄ! ይህን ሁሉ ከምጎረጉር ለቢሻው አልደውልለትም?»

«ታዲያ ለምን አትደውዪለትም?»

«ካነሣውማ ካርዴ አለቀ! የቢሻውን ሰላምታ አታውቂውም። ከብቱን ጠይቆ፣ ዘሩን ጠይቆ፣ የሞተውን አልቅሶ ነው ወደ መብራቱ የሚመጣ።»

ተራ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ዙሌይካ አልሳቀችም። «ባያነሣውስ?» አለች ቀስ ብላ። «እየጠራ ባያነሣው?»

«ባያነሣውማ…» እትዬ ስንዱ ካርቶኑን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «መብራት ሲኖር ብቻ ከከፈተው፣ ስልኩ ከጠራ እየፈጨ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ አስጠርቼ መዝጋት ነው። ካርድም አይበላ። ሲኖር ይጥራ፣ ሳይኖር ይዘጋ፤ ከዚህ ሌላ ምን ማወቅ እፈልጋለሁ?»

ዙሌይካ ዘላ አቀፈቻት። እትዬ ስንዱ ምን እንዳደረገች ባይገባትም ያቀፈቻትን መልሳ አቀፈች። የዙሌይካ ነጠላ ዱቄት በዱቄት ሆነ።

ወልደኢየሱስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «አራት ወር የጻፍኩት ፕሮግራምስ?» አለ። ዙሌይካ ልታባብለው አልሞከረችም፤ የተላጡትን ቁልፎች አምጥታ ፊቱ ደረደረችለት። እያነሣ፣ እየጣለ ብዙ ቆየ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር በይኛ» አለ በመጨረሻ፤ ሳቀም። ይህችን ሳቅ ዙሌይካ እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች።

ሙከራው በየካቲት ተጀመረ። አያ ቢሻው መብራት ሲመጣ የራሱን ስልክ ይከፍታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል፤ ሲጠራ አያነሣም። በቃ። ዙሌይካ ከአንዱ ጥግ ተቀምጣ ታያለች። ስልኩ ጠራ። የአያ ቢሻው እጅ ሄደ።

«ሃሎ! እንደምን አደራችሁ? ደህና ናችሁ? ከብቱ ደህና? ያቺ ሴት ልጃችሁ ተሻላት?»

«አያ ቢሻው፣ እንዳታነሣው ተባብለን አልነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሲጠራኝ ዝም ልበል? ባለጌ ነኝ እንዴ?»

በሁለተኛው ቀን ማለ። ስልኩን በጆንያ ሸፈነው። በመጀመሪያው ጥሪ ከንፈሩን ነከሰ፤ በሁለተኛው ላብ አሰመጠው፤ በሦስተኛው ጆንያውን ገልጦ «ሃሎ!» አለ። ከዚያ በኋላ እንደምንም ብሎ ለአራት ቀን ቻለ። በእሑድ ግን ከቅዳሴ ሲወጣ ሦስት ሰው አስቆመው። «ቢሻው ወፍጮ ተከለና ኮራ፤ ብንደውልለት አያነሣም» አሉት። ሰኞ ዙሌይካ ስትደርስ ስልኩን በኪሱ ከቶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሰው ጋር አልጣላም።»

ይህን የመሰለ ውድቀት አዲስ አበባ ያለው አማካሪ በሕልሙም አያየው። ዙሌይካ ወደ ጎንደር ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። ረመዳን ሦስት ወር ቀርቶታል፤ አብዱልባሲጥ ደግሞ ጥጓን በሜትር ለክቶ በጠመኔ ምልክት አድርጎበት ነበር።

በዚያው ሳምንት ወልደኢየሱስ አንድ የጠረጴዛ ስልክ ታቅፎ መጣ፤ ያ ገመድ የሌለው፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ዓይነት። የመሪጌታ ቤት ስልክ ነው። «አባቴ ተማርሯል» አለ። «ባትሪው ሞቷል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ራሱን ከፍቶ ይነሣል። ጠግኚልኝ።»

ዙሌይካ ስልኩን አየችው። ወልደኢየሱስን አየችው። ሥራ ከጀመረች ወዲህ ተናግራ የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

«አልጠግነውም!»

«ምነው?»

«ወልደኢየሱስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ፣ ሲመጣ የሚነሣ ስልክ! ምኑን ነው የምጠግነው? ይኸውልህ እኮ የምንፈልገው!»

ለመሪጌታ ደህና ስልክ ገዝተው ሰጧቸው። ያንን የታመመውን ዙሌይካ ፈታችው። የሞተውን ባትሪ ጨርሳ አወጣች፣ የደወሉን ድምፅ ማጉያ ቆርጣ ጣለች፣ ንግግር የሚሰማበትን እጀታም ነቀለች። ጥሪ ሲመጣ የምትበራውን ቀይ መብራት ብቻ ተወች። ከዚያ ወስዳ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰካችው። «አያ ቢሻው፣ ይህ የአንተ ስልክ አይደለም። የወፍጮው ነው። አይሰማም፣ አይናገርም፤ አንተም ልታነሣው ብትል የምታነሣው ነገር የለውም። ወፍጮው የተሰበረ እንደሆነ ብቻ ንቀለው» አለችው። አያ ቢሻው ስልኩን ዞሮ ዞሮ አየውና ከትከሻው ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። በዚያው እሑድ ለጠየቀው ሁሉ «ወፍጮ ምን ምግባር አለው? እኔ ነኝ የማነሣ፤ ለእኔ በስልኬ ደውሉ» አለ፤ ሰውም ተቀበለው። ሰው ዝም ቢል ያስቀይማል፤ በወፍጮ ግን ማን ይቀየማል?

ቁጥሩን እትዬ ስንዱ ይዛ ዞረች። ማስታወቂያ የለ፣ ስብሰባ የለ። ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው በስልካቸው አስገቡላቸው፤ አረንጓዴዋን መንካት ሁሉም ያውቃታል። አንዳንዴ ኔትወርክ ጠፍቶ መብራት እያለ አይጠራም ነበር። ያን ጊዜም ሴትዮዋ ቤቷ ትቀራለች እንጂ ተሸክማ አትንከራተትም። ዙሌይካ ሰው እየተጠቀመበት መሆኑን ለማወቅ ለአያ ቢሻው አንድ ጣሳ ሰጠችው። መብራት በጠፋበት ቀን እህል ይዛ መጥታ ለተመለሰች ሴት ሁሉ አንድ ባቄላ ይጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጣሳው ሠላሳ ስድስት ባቄላ ይዞ ተገኘ። ለፋሲካ ሁሉ ሰው በሚያስፈጭበት ሰሞን አሥራ አንድ። በግንቦት መጨረሻ አራት። አራቱም የወፍጮው ስልክ ዝግ ሆኖባቸው «እስቲ ለማንኛውም» ብለው የመጡ ነበሩ።

ዙሌይካ ጣሳውን ለአባቷ ወስዳ አሳየች። ሐጂ ባቄላዎቹን መዳፋቸው ላይ አገላበጡ።

«በአራት ባቄላ ነው የምታሳምኚኝ?»

«አባ፣ ማነሱ ነው እኮ ጥሩው!»

«እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። እየጨመረ የሚሄድ ነገር ነው የሚገባኝ» አሉና ጣሳውን መለሱላት። ረመዳን ሊገባ አንድ የገበያ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚያ ቀን ሐጂ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ጨርቅ ይዘው ሊወጡ ሆነ፤ ዙሌይካም እንድታግዛቸው ተከተለቻቸው። መንገዱን ሙሉ እሷ በልቧ ካቻቢቴዎቿን አንድ በአንድ እየጠቀለለች ነበር።

ገበያው ሞቅ ሲል ዙሌይካ አይታት የማታውቅ አንዲት ሴት መጥታ አምስት ክንድ አቡጀዲ ጠየቀች። ሐጂ መለካት ሲጀምሩ «ቶሎ በሉልኝ፣ ወፍጮ ልሄድ ነው» አለች።

ሐጂ ሜትራቸውን ያዝ አደረጉ። ዙሌይካን አላይዋትም። «መብራት መኖሩን በምን አወቅሽ?» አሉ።

ሴትዮዋ ከመቀነቷ ስልክ አውጥታ አረንጓዴዋን ነካች፣ ጆሮዋ ላይ ያዘች፣ ወዲያው ቀይዋን ነካች። «ይጠራል» አለች። «እየፈጨ ነው።»

«ማን አነሣልሽ?»

«ኧረ ማንም አያነሣውም! የወፍጮው ስልክ እኮ ነው» አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር የማያውቅ ሽማግሌ በማየቷ አዘነችላቸው።

«ማን አስተማረሽ ታዲያ?»

«ምን ማን ያስተምረኛል? ሁሉም ያውቃል። እኛ አገር ሴት ሆኖ ሳታስጠራ የሚሄድ የለም። ባሎቻችን እንኳ አሁን ጠዋት ጠዋት ስልኩን ሳይጠየቁ ይሰጡናል።» ጨርቋን ይዛ ሄደች። ዙሌይካ የምትባል ሰው በምድር ላይ መኖሯን አታውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። ዙሌይካ ግን በደስታ ሴትዮዋን እስክትርቅ በዓይኗ ሸኘቻት። ቅጽ ያልሞላች፣ እንግዳ ፈርታ ሸጋ ነው ያላለች ሴት፣ ዙሌይካ ረግጣው ከማታውቅ ቀበሌ መጥታ፣ ሥራዋን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የታወቀ ነገር አድርጋ ተናገረች። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሐጂ ዐብዱረሕማን በሃምሳ ዓመት የነጋዴነት ዘመናቸው ያላደረጉትን አደረጉ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ገዢ ቆሞ እያለ፣ ጨርቁን አጣጥፈው ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጡ። «ወፍጮ ቤቱ የት ነው?» አሉ።

ሲገቡ ወፍጮው ያጓራል፤ ሴቶቹ በተራቸው ጆንያ ያነሣሉ፣ ዱቄት ያወርዳሉ። አያ ቢሻው ሐጂን አይቶ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሣና ሰላምታውን ጀመረ፤ ሐጂ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። እጀታ የሌለው፣ ድምፅ የሌለው የመሪጌታ ስልክ ላይ ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። ደግማ ብልጭ አለች።

«ይህ ምንድን ነው የሚብለጨለጨው?» አሉ በወፍጮው ጩኸት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ሴቶቹ ናቸው፣ ሐጂ!» አለ አያ ቢሻው። «አንዷ ብልጭታ አንዲት ሴት ናት። ከቤቷ ሆና፣ ጆንያውን ላንሣ ወይስ ልተወው ብላ እየጠየቀች ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው።»

መብራቷ በራች፣ ጠፋች፤ በራች፣ ጠፋች። ሐጂ ጥቂት ብልጭታዎችን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ጣታቸው አልበቃቸው ብሎ ተዉት። ጥቁሩ ኮታቸው ዱቄት እየለበሰ ነበር፤ አላራገፉትም። ዙሌይካ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበርና መጀመሪያ ዱቄቱ ዓይናቸው የገባ መሰላት።

«ዙሌ» አሉ ዞረው ሳያይዋት፣ «ለአብዱልባሲጥ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሌላ ሱቅ እንፈልግለታለን።»

«አባ…»

«ያንቺ ሥራ ጥግ አይበቃውም፤ ግማሹን ሱቅ ያዢው።» ቀይዋ መብራት እንደገና በራች። ሐጂ ጠጋ ብለው በጣታቸው ነኳት። «አሁን ደግሞ ከየት ነው የደወለችው?» አሉ።

«አላውቅም፣ አባ» አለች ዙሌይካ።